የማይቃጠል መብራት ምን ያስተምራል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወጣቶች የቀን ሥራቸውን ጨርሰው፣ የዒሻ ሶላት ከተሰገደ በኋላ እንቅልፍ እስኪመጣ ያለችውን ጥቂት ሰዓት ለትምህርት ሲያውሉ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ ዐረብኛ ያጠናል፤ ሌላው የሒሳብ አያያዝ ይማራል፤ ሌላው ደግሞ አገሩ ሲመለስ የጥገና ሱቅ ለመክፈት አስቦ ኤሌክትሮኒክስ ይጀምራል። የዚህ የመጨረሻው ችግር ከሌሎቹ ይለያል። ሙያው በእጅ የሚለመድ ነው፤ ብዙ ሰው በሚያድርበት የጋራ ክፍል ውስጥ ግን መበየጃ ብረት መሰካት፣ ሽቦና ባትሪ ዘርግቶ መቀመጥ አይታሰብም። ስለዚህ ፊቱን ወደ ስልኩ ያዞራል። በስልኩ ውስጥ ምናባዊ ቤተ ሙከራ አለ። ባትሪውን በጣቱ ጎትቶ ያስቀምጣል፤ ሽቦ ይስባል፤ ኤልኢዲ የሚባለውን ትንሽ መብራት ያገናኛል፤ መብራቱም ቦግ ይላል።

ጥያቄው መብራቱ ምንጊዜም ቦግ የሚል ከሆነ ተማሪው ምን ተማረ የሚለው ነው። ከእነዚህ ምናባዊ ቤተ ሙከራዎች መካከል ኤልኢዲን እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ የሚቆጥሩ አሉ። ኃይል ካገኘ ይበራል፤ ካላገኘ ይጠፋል። ባትሪው 3 ቮልት ይሁን 9 ቮልት፣ በመካከል ሬዚስተር ይኑር አይኑር፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ብርሃን ያው ነው። ተማሪው ይደሰታል፤ በእጁ የቀረው ግን ስሕተት ነው። ስሕተቱን የሚያውቀውም ብዙ ቆይቶ፣ በገንዘቡ በገዛው ዕቃ ወይም በባሰ ሁኔታ በሰው ዕቃ ላይ ነው።

ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል አይደለም። የአምፖሉ ክር በጋለ ቁጥር ከረንትን የመቋቋም ዐቅሙ ስለሚጨምር በመጠኑም ቢሆን ራሱን ይገታል። ኤልኢዲ ዳዮድ ነው፤ የሚገታው ነገር ከውጭ ካልመጣለት ራሱን አይገታም። ከተወሰነ ቮልቴጅ በታች ከረንት አያሳልፍም ለማለት ይቻላል፤ ያንን ደፍ ሲሻገር ግን ቮልቴጁ በትንሹ ከፍ ባለ ቁጥር ከረንቱ በብዙ እጥፍ ይወጣል። ለቀዩ ደፉ 2 ቮልት ገደማ ነው፤ ለሰማያዊውና ለነጩ 3 ቮልት አካባቢ። የ9 ቮልት ባትሪ ከቀይ ኤልኢዲ ጋር የሚያገናኝ ሰው 2 ቮልቱ በኤልኢዲው ላይ ሲቀር የተረፈውን 7 ቮልት የሚሸከም ነገር ያስፈልገዋል። ለተራ ኤልኢዲ የተለመደው ከፍተኛ ከረንት 20 ሚሊ አምፒር ስለሆነ 7ን ለ0.02 ማካፈል 350 ኦም ይሰጣል፤ ከገበያ የሚገኘው ቅርብ ሬዚስተር 330 ኦም ነው። ይህ ስሌት የኤሌክትሮኒክስ ፊደል ገበታ ነው። ሬዚስተሩን የዘለለ ሰው ኤልኢዲው ለቅጽበት ደምቆ ለዘለዓለም ሲጠፋ ያያል።

ቀለሙም ቢሆን ቅብ አይደለም። ኒክ ሆሎኒያክ በጀነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ ለዐይን የሚታየውን ቀይ ኤልኢዲ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ግን እስከ 1990ዎቹ አልተገኘም፤ ለዚህ ሥራ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህን ያህል ዘመን የወሰደው ሰማያዊ ብርሃን ሌላ ዓይነት ሴሚኮንዳክተር፣ ሌላ ዓይነት ደፍ ስለሚጠይቅ ነው። ዛሬ ቤት የሚያበራው ነጭ ኤልኢዲ እንኳ በመሠረቱ ቢጫ ዱቄት የተቀባ ሰማያዊ ነው። እንግዲህ ተማሪው ቀዩን በሰማያዊ ሲተካ የመብራቱን ቀለም ብቻ ለውጦ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ የሚተው ፕሮግራም፣ የሠላሳ ዓመት ልፋትን የቀለም ቆርቆሮ አድርጎታል።

«ሲሙሌተር» የሚለውን የፈረንጅ ቃል በአማርኛ «አስመሳይ» ብሎ መመለስ ይቻላል። አማርኛው ግን ቃሉን አስቀድሞ ለሌላ ነገር አውሎታል፤ አስመሳይ የሚባለው ፊቱ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ ሰው ነው። ይህ የቃላት አጋጣሚ ለጉዳዩ ይስማማል። እውነተኛውን ነገር በጥንቃቄ የሚያስመስል ፕሮግራም አለ፤ ብርሃኑን አሳይቶ ባሕርይውን የሚደብቅ አስመሳይም አለ።

በሌላ በኩል፣ ኤልኢዲን ማቃጠል ብቻውን እውነተኛነት አይደለም። ሳንቲም የምታህለው 3 ቮልት ባትሪ ጥሩ ምሳሌ ናት። ልጆች ቀይ ኤልኢዲ ያለ ምንም ሬዚስተር በእሷ ላይ ሰክተው ያበራሉ፤ አይቃጠልም። ምክንያቱ የባትሪዋ የውስጥ መቋቋም ከ10 ኦም በላይ ስለሆነና ብዙ ከረንት መስጠት ስለማትችል ነው፤ ሬዚስተሩ በሆዷ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል። ባትሪን ሁሉ ድክመት የሌለበት የኃይል ምንጭ አድርጎ የሚያሰላ ፕሮግራም ግን ይህንኑ ኤልኢዲ «ተቃጠለ» ይላል። እንዲህ ያለው ቤተ ሙከራ የሚያስፈራራው በማያስፈራው ነገር ነው።

ሌላም አለ። ሁለት ኤልኢዲዎች ጎን ለጎን ተገናኝተው በአንድ ሬዚስተር ቢመገቡ በስክሪኑ ላይ ከረንቱን እኩል ይካፈላሉ፤ ፕሮግራሙ ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሠራቸው። ከፋብሪካ የወጡ ሁለት ኤልኢዲዎች ግን አንድ አይደሉም። ደፉ በጥቂቱ ዝቅ ያለው ብዙውን ከረንት ይወስዳል፤ ሲወስድ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ደፉ በእያንዳንዱ ዲግሪ 2 ሚሊ ቮልት ያህል ይወርዳል፤ ሲወርድ ደግሞ ይበልጥ ይወስዳል። በመጨረሻ እሱ ይሞታል፤ ሸክሙም በተረፈው ላይ ይወድቃል። የጥገና ባለሙያ ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን ሬዚስተር የሚሰጠው ለዚህ ነው። በማይለያዩ መንትዮች ብቻ የተለማመደ ሰው ይህ ለምን እንደሚደረግ አይገባውም።

የብርሃኑ መጠን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከረንቱ በግማሽ ሲቀንስ ዐይን ብርሃኑ በግማሽ ቀነሰ ብሎ አይፈርድም፤ የቀነሰው ጥቂት ይመስለዋል። ከ20 ወደ 10 ሚሊ አምፒር የወረደ ኤልኢዲ ለተመልካች ብዙ አይለይም፤ በ1 ሚሊ አምፒርም ዘመናዊው ኤልኢዲ በግልጽ ይታያል። ይህን ያላገናዘበ ፕሮግራም የከረንቱን ቁጥር እንዳለ ወደ ስክሪኑ ድምቀት ይገለብጣል፤ ውጤቱም ተማሪው መብራት ለማድመቅ ዘወትር ከረንት መጨመር እንዳለበት ማመኑ ነው። አርዱዊኖ የሚባለው የልምምድ ሰሌዳ ኤልኢዲን የሚያደበዝዘው በሰከንድ 490 ጊዜ ያህል እያበራና እያጠፋ ሲሆን ብዙዎቹ ስክሪኖች ግን በሰከንድ የሚታደሱት 60 ጊዜ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ አማካዩን አስልቶ ካላሳየ፣ በእውነት የረጋው ብርሃን በስክሪኑ ላይ ሲርገበገብ ይታያል።

ብርሃንን በሚገባ መመርመር በዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ965 አካባቢ በበስራ የተወለደውና ዕድሜውን በካይሮ የፈጸመው ኢብኑል ሀይሰም «ኪታቡል መናዚር»ን ሲጽፍ ከመሣሪያዎቹ አንዱ መብራት ነበር። በጨለማ ቤት ፊት፣ በጠባብ ቀዳዳ ትይዩ ብዙ መብራቶች ደርድሮ በውስጥ ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱን ብርሃን ለየብቻው አየ፤ አንዱን መብራት ሲሸፍን ከግድግዳው ላይ የጠፋው የእሱ ብርሃን ብቻ ነበር። የሙከራው ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳው «አይደለም» ብሎ ሊመልስለት ይችል ነበር። ተማሪው ምንም ቢያደርግ «አዎን» ብቻ የሚመልስ ስክሪን ቤተ ሙከራ የሚለውን ስም ለመሸከም ይቸገራል።

ለባሕረ ሰላጤው ነዋሪ ከሁሉ የቀረበው ጥያቄ ሙቀት ነው። የኢንጂነሪንግ ስሌት አባት የሆነው ስፓይስ የተባለው ፕሮግራም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ከተሠራ እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ተጠቃሚው ካልለወጠው በስተቀር ዓለምን የሚያሰላው በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የኤልኢዲ አምራቾች የመረጃ ወረቀትም የሚለካው በ25 ዲግሪ ነው። በሐምሌ ቀትር ከ45 ዲግሪ በሚበልጥ አየር ውስጥ፣ ፀሐይ በመታው የብረት ሣጥን የታሸገ መብራት ግን 25 ዲግሪን አያውቃትም። በዚያው የመረጃ ወረቀት ላይ፣ ሙቀት ሲጨምር የሚፈቀደው ከረንት እንዴት እንደሚወርድ የሚያሳይ መስመር አለ፤ በችኮላ የሚያነቡት ዘልለውት ያልፋሉ። የሙቀት ቁጥር የማስገቢያ ቦታ የሌለው ምናባዊ ቤተ ሙከራ በዚህ ምድር ለሚሠራ ሰው ግማሹን እውነት አስቀርቶበታል።

ሌላኛው ግማሽ በኢትዮጵያ ገጠር ይጠብቀዋል። ኩራዝን በተካው የፀሐይ መብራት ውስጥ ያሉት ጥቂት ነጭ ኤልኢዲዎችና አንድ ባትሪ ናቸው። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ሊቲየም የብረት ፎስፌት ባትሪ ሲሆን የሚሰጠው 3.2 ቮልት ያህል ነው፤ ለነጭ ኤልኢዲ ደፍ እጅግ የቀረበ በመሆኑ አምራቹ በመካከል ያኖረው መግቻ ትንሽ ወይም ምንም ሊሆን ይችላል። ባትሪው ሲያረጅ በገበያ በቀላሉ የሚገኘው ሌላው ሊቲየም ባትሪ 3.7 ቮልት ነው፤ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። መጠኑ ይመሳሰላል፤ ቅርጹ ይገጥማል። «ባትሪ ባትሪ ነው፣ ኤልኢዲም ኤልኢዲ ነው» ብሎ የተማረው ጠጋኝ መቆጣጠሪያ በሌለው መብራት ላይ ቢሰካው መብራቱ ከቀድሞው ይደምቃል፤ ባለቤቷም አመስግና፣ ከፍላ ትሄዳለች። ብዙ ሳይቆይ ኤልኢዲዎቹ ጠቁረው ይሞታሉ። ለጥገና የተሰጠ ዕቃ አማና ነው፤ ጠጋኙ አማናውን ያጎደለው በክፋት ሳይሆን በስልኩ ላይ አንድም ቀን ኤልኢዲ ሲሞት ባለማየቱ ነው።

ጀማሪን በዝርዝር ማስጨነቅ አይገባም የሚሉ መምህራን አሉ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን የሙቀት መስመርና የውስጥ መቋቋም የቀረበለት ተማሪ በሁለተኛው ቀን ላይመለስ ይችላል። ይሁን እንጂ ማቅለል አንድ ነገር ነው፤ መዋሸት ሌላ። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊመን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው ፌት ለሕፃናት ጭምር የተሠራ ነው፤ ሆኖም በወረዳ መገንቢያው ውስጥ ባትሪን በሽቦ ብቻ የዘጋ ተማሪ እሳት ሲነሣ ያያል። ቲንከርካድም ከልክ ያለፈ ከረንት በኤልኢዲ ውስጥ ሲያልፍ የማስጠንቀቂያ ምልክት አውጥቶ ያለፈውን ከረንት ከሚመከረው 20 ሚሊ አምፒር ጋር ያነጻጽራል። ሁለቱም ቀላል ናቸው፤ ሁለቱም «አይሆንም» ማለት ይችላሉ። ጀማሪው ሬዚስተር የሚለውን ቃል ሳያውቅ ቃሉን የሚያስፈልገው ምክንያት ዐይኑ ፊት ይቆማል።

እንግዲህ በዚህ አካባቢ ለሠራተኞች የማታ ሥልጠና የሚሰጡ ማዕከላትና ማኅበራት ምናባዊ ቤተ ሙከራ ሲመርጡ የስክሪኑን ውበት ከማየታቸው በፊት በአምስት ደቂቃ ሊፈትኑት ይችላሉ። የ9 ቮልት ባትሪ ከቀይ ኤልኢዲ ጋር ያለ ሬዚስተር ያገናኙት፤ ምን እንደሚል ይዩ። ቀዩን በሰማያዊ ይተኩትና ከረንቱ ተለውጦ እንደሆነ ይመልከቱ። ባትሪውን ይገልብጡት። ሁለት ኤልኢዲ ጎን ለጎን ያድርጉና የሚለያዩበት መንገድ መኖሩን ይጠይቁ። ሙቀቱን 50 ዲግሪ ለማድረግ ይሞክሩ። ኤልኢዲው ሲቃጠል ምክንያቱን የሚያስረዳው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነም አንድ መምህር በሁለት ምሽት በአማርኛ ሊያዘጋጀው የሚችል ሥራ ነው፤ የጽሑፎቹ ብዛት ከአንድ ገጽ ብዙም አያልፍምና።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወጪ ትንሽ ነው። አንድ የልምምድ ሰሌዳ፣ አንድ ርካሽ መልቲሜትር፣ የ9 ቮልት ባትሪ፣ እፍኝ የማይሞሉ ሬዚስተሮችና ሃያ ያህል ኤልኢዲዎች። ከሃያዎቹ አምስቱን መምህሩ ለቃጠሎ ይመድባቸው፤ ተማሪው በስልኩ ላይ የገመተውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ፣ ፊቱን በመነጽር ሸፍኖ፣ ሽቦውን ያገናኝ።