ኦርኬስትራችን ምን ይጫወት?

በሚዛንና በቴፒ ግቢዎች ያለን ሙዚቃ ወዳድ ተማሪዎች ተባብረን ዘንድሮ አንድ የተማሪ ኦርኬስትራ ብናቋቁም፣ ኮንሰርትም ብናሳይ መልካም ነው የሚለው ሐሳብ በመኝታ ቤቱም በምግብ ቤቱም ሲነሣ ሰንብቷል። ሐሳቡን የሚቃወም ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። የሚያከራክረው «ምን እንጫወት?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ሳያስብበት ሊያልፈው ይችላል፤ እኛ ግን ከመሣሪያው፣ ከአዳራሹና ከመጋረጃው ሁሉ አስቀድሞ መወሰን የሚገባው እርሱ ነው እንላለን።

አንዱ ወገን «ኦርኬስትራ ካላችሁ ቫዮሊንና ትራምፔት፣ ባይሆን ኪቦርድና ጊታር ይምጣ፤ ሰው የሚያውቀውን ዘፈን እንጫወትለት፤ አዳራሹ ይሞላል» ይላል። አዳራሹ እንደሚሞላ አንክድም። መንገዱም ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ኬቮርክ ናልባንዲያንና አርባዎቹ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ የነሐሱ መሣሪያና በወረቀት የተጻፈው ኖታ ብዙ መልካም ፍሬ አፍርቷል። ነገር ግን እነዚያ ሙዚቀኞች ሥራቸው ሙዚቃ ነበር። እኛ ከላቦራቶሪ በኋላ የሚተርፉን ሁለት የማታ ሰዓቶች ናቸው። በሁለት ሰዓት ልምምድ ከሬዲዮና ከስልክ የሰማነውን ብንቀዳ፣ የሚያዳምጠን ሰው ዋናውን በስልኩ ይዞት ሳለ የደከመውን ግልባጭ ልናሰማው ነው።

ሌላው መንገድ በአንድ የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ እምቢልታውንና ከበሮውን በአንድ መድረክ አስቀምጦ አብረው እንዲጫወቱ ማድረግ ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ በጊዜው ግን ያልተለመደ ነበር። መሰንቆ ከአዝማሪው ድምፅ ጋር ብቻውን መሄድ የለመደ ነው። ክራር ጅማቱን እያጠበቁና እያላሉ ከትዝታ ወደ ባቲ ይለውጡታል፤ ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ በኋላ ቅኝቱ አይነቃነቅም፤ ተጫዋቹ ረጅሙንም አጭሩንም ብዙ ዋሽንት መያዝ አለበት። እነዚህን ማስማማት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ኦርኬስትራውን ኋላ ተስፋዬ ለማ መራው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካን አገር ዞሮ አሳየ፤ እስከ 1975ም ቆየ።

ስለዚህ ኦርኬስትራ ሲነገር አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው ተማሪዎች አልነበሩም፤ በየአገራቸው ወግ ያደጉ የባህል ሙዚቀኞች ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ቦታና ጊዜ መስጠት ነበር። ከአሜሪካ የሰላም ጓድ ጋር የመጣው ቻርልስ ሳተን እንኳ ወደዚያ መድረክ የወጣው በጌታመሳይ አበበ እግር ሥር ተቀምጦ መሰንቆ ከተማረ በኋላ ነው። ባዕዱ ሰው እንዲህ ከተማረ፣ እኛ በቤንች፣ በሸኮ፣ በመዠንግር፣ በሸካና በካፋ ሕዝብ መካከል የምንኖር ተማሪዎች ምን ምክንያት አለን? ከጎጃም ወይም ከአርሲ የመጣ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ በሻንጣው ቡናና ማር ይዞ ይሄዳል፤ ከዚህ አገር አንዲት ዜማ ይዞ የሄደ ግን ስንት ነው?

የምናቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ከኦርኬስትራው ወንበሮች ቢያንስ ሲሶው ከግቢው ውጭ ላሉ ሙዚቀኞች ይሰጥ፤ አስተማሪዎቻችን ይሁኑ፤ የድካማቸውም ዋጋ ይከፈላቸው። «ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያልተማረ ሰው እንዴት ያስተምረናል?» የሚል ቢኖር ለአንድ ቀን ብቻ እምቢልታ ይንፋና ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

እምቢልታን ካነሣን አይቀር፣ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ያለው እርሱ ነው። ሦስት ሆነው ይነፉታል፤ እያንዳንዱ ነፊ ያለው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወጣው ተራቸውን ጠብቀው እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። የደራሼ ፊላም የበርታ ዙምባራም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ነው። አንዱ ነፊ ከቀረ በዜማው ላይ ቀዳዳ ይታያል። የአውሮፓ ኦርኬስትራ ሳይመጣ አባቶቻችን ኦርኬስትራ ነበራቸው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

በዚህም ምክንያት ሦስተኛውን ሐሳብ ከሁሉ አጥብቀን እንቃወማለን። ይኸውም በኅዳር 29 በዓል እንደ ለመድነው ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ አንድ ዘፈን፣ አንድ ልብስና ጥቂት ደቂቃ አካፍሎ ተራ በተራ ማውጣት ነው። ለበዓል ያምራል፤ ማንም አይቀየምም። ነገር ግን እንዲህ ተካፍለን ስንወጣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ብቻ ተጫውተን፣ የሌላውን ከመጋረጃ ጀርባ ልብስ እየለወጥን ሳንሰማው እናልፋለን። የወሎው ልጅ የሸኮን ዜማ በክራሩ ሲፈልግ፣ የቤንቹ ልጅ በከበሮ ሲከተለው ማየት እንፈልጋለን፤ መጀመሪያ ላይ ቢበላሽም ግድ የለም። ይህን የምንለው ተማሪ በመጣበት ክልል ተለይቶ መቀመጥ ከጀመረ ምን እንደሚከተል ሁላችንም ስለምናውቅ ነው።

ስለ ጊዜው ጥቂት እንበል። ልምምዱ በጥቅምት ቢጀመር ኮንሰርቱ ከአንደኛው መንፈቅ ፈተና በኋላ በየካቲት ይሁን። ጥቅምትና ኅዳር የቡና ለቀማ ወራት ስለሆኑ የአካባቢው ሰው ሊመጣልን አይችልም፤ በየካቲት ግን ቡናው ተለቅሞ ያልቃል፤ ዝናቡም ይቀንሳል። ዝናቡ ተራ ነገር አይምሰላችሁ፤ በዚህ አገር እርጥበት የከበሮና የመሰንቆ ቆዳ እየላላ ድምፁ ይታፈናል፤ እሳት ዳር ማሞቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ በሚዛን፣ ቀጥሎ በቴፒ፣ ሦስተኛው ደግሞ በበቃ ቡና እርሻ ለሚሠሩት ሰዎች በሜዳ ላይ ቢሆን እንወዳለን። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ አውቶቡስ ይበቃል።

ከቤቱ መሣሪያ ይዞ የመጣ ተማሪ ስሙን ለኅብረቱ ጸሐፊ ያስመዝግብ። ዋሽንት ያለው ግን ስንት ዋሽንት እንዳለው ጭምር ይጻፍልን።