5 ሚሊዮን ዶላር ያወጣው ብረቱ ነው ወይስ እጁ?

ዛሬ ስለ ጎልፍ ልናወራ ነው። «ይህ ገጽ ደግሞ ምን ነካው? ኳስ አለቀ እንዴ?» እንደምትሉ እናውቃለን። ኳስ አላለቀም። ግን ትንሽ ታገሱን፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እግራችሁ ላይ ካለው ታኬታ ጋር ይገናኛል። ደግሞስ የኳስ ሰው ሆኖ ስለ ጎልፍ ያልሰማ ማን አለ? በኖቬምበር 2019 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዌልስ ለአውሮፓ ዋንጫ ስታልፍ ጋሬዝ ቤል ከጓደኞቹ ጋር የጨፈረበት ባንዲራ «ዌልስ፣ ጎልፍ፣ ማድሪድ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል» ይል ነበር። የማድሪድ ደጋፊ በፉጨት ተቀበለው። ይኸው ቤል በጃንዋሪ 2023 ከኳስ ተጫዋችነት መገለሉን አሳውቆ፣ ወር ሳይሞላው ፔብል ቢች ላይ ከጎልፍ ባለሙያዎች ጋር ሲጫወት ታየ።

ወደ ጉዳያችን እንግባ። በአፕሪል 2022 አሜሪካ ውስጥ ያገለገሉ የጎልፍ ብረቶች ለጨረታ ቀረቡ። ታይገር ዉድስ ከ2000 እስከ 2001 አራቱን ታላላቅ ውድድሮች በተከታታይ ሲያነሳ ተጫውቶባቸዋል የተባሉ ናቸው። በ2010 እነዚሁ ብረቶች የተሸጡት በ57 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ግን 5 ሚሊዮን 156 ሺህ 162 ዶላር አወጡ። ልብ በሉ፤ ወርቅ አይደሉም፣ አልማዝ የለባቸውም። ለስላሳ ብረት ናቸው፤ ያውም የተፋቁና የተጫሩ። ታዲያ ገዢው የከፈለው ለብረቱ ነው ወይስ ለያዘው እጅ? የዛሬው ጥያቄያችን ይኸው ነው።

አስቀድመን ቃላቱን እናጥራ። ጎልፈኞች መምቻቸውን «ክለብ» ይሉታል፤ ጊዮርጊስና ቡና ትዝ እንዳይሏችሁ። አንድ ተጫዋች ለአንድ ጨዋታ ከ14 ክለብ በላይ መያዝ አይፈቀድለትም። ከእነዚህ ውስጥ ቁጥር የተሰጣቸውና ጭንቅላታቸው ቀጠን ያለ ብረት የሆነው «አይረን» ይባላሉ። ቁጥሩ ሲያንስ ኳሷ ዝቅ ብላ ሩቅ ትሄዳለች፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወደ ላይ ትወጣና ቀረብ ብላ ታርፋለች።

አይረን የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ብረቱን አቅልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ማፍሰስ ነው። ሁለተኛው የእኛ አገር ቀጥቃጭ ማረሻ ከሚያወጣበት መንገድ ብዙ አይርቅም፤ ብረቱን እሳት ውስጥ አግሎ በከባድ መዶሻ እየደበደቡ ቅርጽ ማስያዝ ነው። «ፎርጅድ» የሚሉት ይህንን ነው። «ብሌድ» ደግሞ የአሠራር ሳይሆን የቅርጽ ስም ነው፤ ጭንቅላቱ አነስ ያለ፣ ጀርባው ድፍን፣ ከላይ ቁልቁል ስታዩት ጠርዙ እንደ ቢላ የቀጠነ። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ልክ አይደለም። ተቀጥቅጦ ተሠርቶ ብሌድ ያልሆነ አይረን ገበያው ላይ ሞልቷል።

የብሌድ ነገር የሚለየው ክብደቱ በሙሉ ወደ መሃል የተሰበሰበ መሆኑ ነው። ኳሷን በብረቱ እምብርት ካገኛችኋት እሰየው። ወደ ጫፉ ወይም ወደ አንገቱ ትንሽ ፈቀቅ ካለች ግን ብረቱ እጃችሁ ውስጥ ይዞራል፤ ኳሷ ርቀት ታጣለች፣ አቅጣጫ ትስታለች። በብሌድ የተጫወቱ ሰዎች የሚናገሩት ይመሳሰላል። በትክክል ስትመታ ምንም የመታህ አይመስልህም ይላሉ፤ ቅቤ የቆረጥክ ያህል ነው። ስትስት ግን በተለይ በብርዳማ ማለዳ ጣትህን ያነዝረዋል፣ ንዝረቱም እስከ ክንድህ ይወጣል። የገና ጨዋታ የተጫወተ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። ዱላህ ጥንጓን በደንብ ሲያገኛት እጅህ ጸጥ ይላል፤ በጫፉ ሲነካት ግን ዱላውን ጥለህ እጅህን ታራግፋለህ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ብረቱና ኳሷ ተነካክተው የሚቆዩት የሰከንድ ግማሽ ሺህኛ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። እጅ ስሜቱን ሲያውቅ ኳሷ ሄዳለች። ስለዚህ ያ «ስሜት» የሚባለው ነገር ያን ምት አያስተካክልም። የሚጠቅመው ለሚቀጥለው ነው። ብሌድ የሚነግርህ ስላለፈው ነው፤ ሳይሸፍን፣ ሳያባብል።

ድሮ ምርጫ አልነበረም። አይረን ማለት ብሌድ ማለት ነበር። ነገሩን የቀየረው ካርስተን ሶልሃይም የሚባል ሰው ነው። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ፣ በወጣትነቱ ጫማ ሲሠራ የቆየ፣ በኋላም ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ በመሐንዲስነት ያገለገለ ሰው ነው። ጎልፍ የጀመረው 40 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ እንደ ዘግይቶ ጀማሪም ኳሷ እንደፈለገው አልታዘዝ አለችው። እሱ ግን ራሱን ብቻ አልወቀሰም። መምቻውን አገላብጦ አየው። «ክብደቱ ለምን መሃል ላይ ብቻ ይሆናል?» አለና ወደ ዳር ዳሩ አወጣው። በ1959 በቤቱ ጋራዥ የሠራው የመጀመሪያ መምቻ ኳስ ሲነካ «ፒንግ» የሚል ድምፅ ስላወጣ የድርጅቱም ስም ፒንግ ሆኖ ቀረ። በ1982 የወጣው ፒንግ አይ 2 የተባለው አይረን ደግሞ ገበያውን አጥለቀለቀው። ጀርባው የተቦረቦረ፣ ክብደቱ ዙሪያውን የተበተነ፣ ብትስትም ብዙ የማይቀጣ። ዛሬ አብዛኛው አማተር የሚጫወተው በዚያ ሐሳብ ልጆችና የልጅ ልጆች ነው።

ከዚያ ወዲህ ጎልፈኞች እንደ እኛ ሁለት ጎራ ሆነዋል። አንደኛው ጎራ «ይቅር ባዩ ብረት ሰውን አሰነፈ፤ እውነተኛው ጨዋታ በብሌድ ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «በሳምንት አንዴ ለምትጫወት ሰው ብሌድ መግዛት በገንዘብህ ቅጣት መግዛት ነው» ባይ ነው። ክርክሩ ከኛ የታክሲና የካፌ ክርክር አይተናነስም።

የመጀመሪያው ጎራ ምስክሩ ብዙ ነው። ቤን ሆጋን በፌብሩዋሪ 1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ዳሌው፣ የአንገት አጥንቱና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ዳግመኛ ቆሞ መሄዱም ያጠራጥር ነበር። በጁን 1950 ሜሪየን በተባለው ሜዳ በዩኤስ ኦፕን የመጨረሻ ቀን፣ በአንድ ቀን 36 ቀዳዳ ተጫውቶ፣ እግሩን እየጎተተ 18ኛው ላይ ደረሰ። የመታው በ1 ቁጥር አይረን ነው። ከአይረኖች ሁሉ ለመምታት የሚከብደው እሱ ነው። ኳሷ ግሪን ላይ አረፈች፤ ነጥቡም ከሁለት ተፎካካሪዎቹ ጋር እኩል ሆነ፤ በማግስቱ በተደረገው መለያ ጨዋታ አሸነፈ። ያ ብረት በዚያው ቀን ተሰርቆ ከ30 ዓመት በላይ ጠፍቶ ከኖረ በኋላ ተገኝቶ ሙዚየም ገብቷል። ፊቱ ላይ የሳንቲም ያህል የተበላ ቦታ አለው። አንድ ቦታ ብቻ! ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ እዚያች ነጥብ ላይ ሲመታ ኖሯል ማለት ነው።

ቅርቡንም እንይ። ስኮቲ ሼፍለር የ2024ን ማስተርስ ሲያሸንፍ የያዘው በዉድስ ፍላጎት የተነደፈውን ብሌድ ነበር። ሮሪ ማክሮይ በአፕሪል 2025 ማስተርስን አንስቶ አራቱንም ታላላቅ ዋንጫዎች ሲያሟላ በቦርሳው ውስጥ ብሌዶች ነበሩ። በ15ኛው ቀዳዳ በ7 ቁጥር አይረን ኳሷን ዛፎቹን አጠማዝዞ ከባንዲራው አጠገብ ያሳረፈበት ምት የሚረሳ አይደለም።

ግን እዚህ ላይ እንቁም። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ብሌድ ያዋጣል» ማለት ነገሩን መገልበጥ ነው። ሆጋንን ሆጋን ያደረገው ብሌዱ አይደለም፤ ብሌዱ ላይ ያን አንድ ነጥብ ያበላሸው ልምምዱ ነው። ማክሮይም በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ 13ኛው ላይ አጭርና ቀላል የምትመስል ምት ወንዝ ውስጥ ከቷል። ምርጥ መሣሪያ፣ ምርጥ እጅ፣ ኳሷ ግን ውሃ ውስጥ!

ሁለተኛው ጎራም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም። ሻጮች ይቅር ባዩን ብረት ሲሠሩ ሌላም ነገር አድርገዋል። ድሮ 7 ቁጥር አይረን ፊቱ 34 ወይም 35 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነበር። ዛሬ ለአማተር ከሚሸጡት ብዙዎቹ 30 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። ሰውየው በ7 ቁጥር መትቶ «አየህ፣ አዲሱ ብረት 15 ሜትር ጨመረልኝ!» ይላል። የመታው ግን በድሮው 5 ወይም 6 ቁጥር ነው፤ የተቀየረው ከታች የተጻፈው ቁጥር ነው። በእርግጥ ሠሪዎቹ ኳሷ ከፍ ብላ እንድትነሳ ክብደቱን ወደ ታች ስላወረዱት ነው ብለው ምክንያት ያቀርባሉ፤ ምክንያታቸውም ውሸት አይደለም። ሆኖም ችሎታው አደገ ብሎ የሚደሰተው ደንበኛ ግማሹን ደስታ የገዛው ከቁጥሩ ነው።

እንግዲህ የእኛ አቋም ይህ ነው። ይቅር ባይ መሣሪያ ነውር የለበትም። ሶልሃይም የሠራው ሥራ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጨዋታውን ሳይጠላ እንዲቀጥል አድርጓል። ጀማሪን በየምቱ የሚቀጣ ብረት አስተማሪ ሊሆን አይችልም፤ ያባርረዋል እንጂ። ነገር ግን መሣሪያው ይቅር ያለህን ስህተት አንተም ይቅር ካልከው እዚያው ትቀራለህ። ለዚህ ነው ብልሆቹ አማተሮች መሃል መንገድ የያዙት። ረጃጅሞቹን አይረኖች ይቅር ባይ ያደርጋሉ፤ አጫጭሮቹን ብሌድ። ሌሎቹ ደግሞ ለውድድር ይቅር ባዩን ይይዙና ለልምምድ አንድ አሮጌ ብሌድ ያስቀምጣሉ። ብሌዷ መስታወታቸው ናት። ዛሬ እንዴት እንደመቱ ያለ ይሉኝታ ትነግራቸዋለች።

አሁን ወደ ታኬታው እንምጣ። ኳስም ይህንን ታሪክ ያውቀዋል። በ1994 የወጣውን የአዲዳስ ፕሬዴተር ሐሳብ ያመነጨው የቀድሞው የሊቨርፑል ተጫዋች ክሬግ ጆንስተን ነው። ፊቱ ላይ የተለጠፈው ጎማ ኳስን አጥብቆ ይይዛል፣ እንድትጠማዘዝም ያግዛል ተብሎ ነው የተሠራው። ቤካምና ዚዳን በዚያ ታኬታ የሠሩትን አይተን ስንቶቻችን «ታኬታው እኮ ነው!» ብለናል? ታኬታው ግን ሺህ ሰው እግር ላይ ነበር፤ ቤካም አንድ ነው።

ነገሩ የሚያሳስበን ለዚህ ነው። አንድ የሰፈር ልጅ ኮከቡ ያደረገውን ታኬታ ካላገኘ መጫወት የማይችል ሲመስለው፣ ወላጅም የወር አስቤዛውን ቀንሶ ሲገዛለት፣ የሚሸጥለት ጫማ ሳይሆን ተስፋ ነው። ተስፋ መሸጥ ደግሞ ትርፋማ ንግድ ነው። ወላጅ ሆይ፣ ለልጅህ በእግሩ ልክ የሆነ፣ ለሚጫወትበት ሜዳ የሚስማማ ጫማ ግዛለት። በደረቅ አፈር ሜዳ ላይ ለለምለም ሣር የተሠራ ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ ቁርጭምጭሚት ይጎዳል እንጂ ቤካምን አያወጣም። የተረፈህን ገንዘብ ለሁለተኛ ኳስ አውለው፤ ልጁ ደጋግሞ የሚነካት እሷን ነውና።

አሰልጣኞችም ቢሆኑ ከብሌድ የሚማሩት አለ። በልምምድ ውስጥ አንድ እውነት የሚናገር ነገር አስገቡ። ትንሽ ኳስ ይሁን፣ ጠባብ ሜዳ ይሁን፣ ደካማ እግር ብቻ ይሁን፣ ስህተትን የማይሸፍን ነገር። በካልሲ ኳስ ያደጉ ልጆች ንክኪያቸው ለስላሳ የሚሆነው በከንቱ አይደለም። ድህነትን እያወደስን እንዳይመስላችሁ፤ ልጆቻችን ጥሩ ኳስና ጥሩ ሜዳ ይገባቸዋል። የምንለው ጥሩው ኳስ ሲመጣ የካልሲዋ ኳስ ያስተማረችው ጥንቃቄ አብሮ አይጣል ነው።

«ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ለአጣሪው» ይባላል። ብረት ለቀጥቃጩ፣ ዋንጫ ለለማጁ። ያን 5 ሚሊዮን ዶላር የከፈለው ሰው ብረቶቹን ወስዷል። ዉድስ በ2000 ዩኤስ ኦፕንን በ15 ምት ልዩነት ያሸነፈበትን እጅ ግን አላገኘም፤ እሱ ለጨረታ አልቀረበም።