ሳይንስ በደጃችን፦ «ሁለቴ ሲረገጥ እኮ ይይዛል»

የዛሬው ርዕሳችን የመኪና ፍሬን ነው። «እኛ መኪና የለን፣ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው መኪና የለንም፤ ግን እንሳፈራለን። ከካኩማ ወደ ሎድዋር ስንሄድ ልጆቻችንን ይዘን የምንገባው አሮጌ ኮሮላ ውስጥ ነው።

ሰሞኑን አምስት ተማሪዎች ይዤ ወደ ሎድዋር ልሄድ ጋቢና ተቀምጫለሁ። ገና ከካምፑ ሳንወጣ ፍየሎች መንገድ ገቡ። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሰመጠ። ደግሞ ሲረግጥ ያዘ። ፍየሎቹ ተረፉ፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። «ምነው ወንድሜ?» ብለው፣ «ቲቸር አይጨነቁ፣ ሁለቴ ሲረገጥ እኮ ይይዛል» አለኝ።

ይህች አባባል ናት ዛሬ ብዕር ያስነሣችኝ። ለምን ሁለቴ?

ልጆቻችሁ እቤት ሊሞክሩት ይችላሉ። መርፌ የሌለው አዲስ ስሪንጅ ውኃ ሙሉና ጫፉን በጣት ደፍናችሁ ግፉት፤ ንቅንቅ አይልም። ግማሹን አየር አድርጋችሁ ግፉት፤ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል። ፍሬንም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። እግራችን የገፋውን ጉልበት ዘይቱ በቀጭን ቱቦ እስከ ጎማው ያደርሰዋል። መሐል ላይ አየር ከገባ ወይም ዘይቱ ከፈሰሰ ጉልበታችን መንገድ ላይ ይቀራል።

ታዲያ የላላ ፔዳል ሁሉ በሽታው አንድ አይደለም። ሹፌሩ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ለጎማው ድንጋይ ታኮ አድርጎ በ10 ደቂቃ ሊለየው ይችላል።

በመጀመሪያ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ማየት ነው። ከታችኛው ምልክት በታች ከወረደ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ። የአራቱንም ጎማ የውስጥ ገጽ፣ ቱቦዎቹንና ከፔዳሉ በላይ ያለውን ቦታ በእጅ መዳሰስ ነው። የረጠበ ካለ ሌባው ተያዘ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሞተር አጥፍቶ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ መርገጥ። እየረገጡት ከፍ ካለና እንደ ስፖንጅ ከተለጠጠ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ዝቅ ብሎ ግን ጠንክሮ ከያዘ፣ የእጅ ፍሬን ሲሳብም ፔዳሉ ከፍ ካለ፣ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋልና መስተካከል አለበት።

ሦስተኛ፣ ፔዳሉን ተጭኖ ለ30 ሰከንድ ያህል መያዝ። ቀስ እያለ ከሰመጠ ዘይቱ ያመልጣል። በውጭ የሚታይ እርጥበት ከሌለና የዘይቱ መጠን ካልቀነሰ የማስተሩ ጎሚኒ ተበልቶ ዘይቱን ወደ ኋላ ይለቀዋል ማለት ነው። በአሮጌ መኪና ይህን ስንሠራ እስከ ወለል ድረስ ደጋግመን በኃይል አንርገጥ፤ ዝገት ያለበት የማስተሩ ጫፍ ደህናውን ጎሚኒ ይቀደዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሞተር ሲነሣ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ቢል ጤነኛ ነው፣ ሰርቮው ሥራ ጀመረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሹፌራችን አባባል እንመለስ። የእነዚህ መኪናዎች ፍሬን በ2 መስመር የተከፈለ ነው። አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲያቆም ተብሎ። ስለዚህ «ሁለቴ ሲረገጥ ይይዛል» ማለት ፍሬኑ ደህና ነው ማለት አይደለም። የመጠባበቂያውን እየበላን ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ደግሞም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሁለተኛው እርግጫ እስኪደርስ ሕፃን ልጅ የት እንዳለ አስቡት።

ዘይት መጨመርም መድኃኒት አይደለም። የእኛ ሹፌር ዘይት በሶዳ ጠርሙስ ይዞ በየጠዋቱ ይጨምር ነበር። የፍሬን ዘይት ግን ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲሱ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ከኪታሌ ሲመጡ እንደ ማሪች ቁልቁለት ባለ ቦታ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎቱም እንደ አየር ይታመቃል። ስለዚህ ተከፍቶ የቆየ ዘይት አይጨመርም። የሞተር ዘይትማ ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣቸዋል።

ወርደን ስንፈትሽ የግራው የኋላ ጎማ ከውስጥ በኩል ርሶ አገኘነው። ሹፌሩም አንገቱን ደፍቶ፣ «አውቀዋለሁ ቲቸር፤ ግን አንድ ቀን ከቆምኩ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ ከፊዚክስ መጽሐፍ መልስ አላገኘሁም። የመሄጃችንን ግማሽ ቀብድ ትተንለት በእግራችን ተመለስን። ልጆቹ አኮረፉኝ። እሱም በገንዘቡ ጎሚኒ ገዛ፣ ዘይት የነካውን ሸራ ቀየረ፣ አየሩን አስወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ ስንሄድ እግሩን እያየሁ ነበር፤ አንዴ ብቻ ነው የረገጠው።

እናንተም ስትሳፈሩ የሹፌሩን እግር እዩ። ሁለቴ ከረገጠ በትሕትና ጠይቁት፤ ከቻላችሁም አግዙት። እንዲወርድ የተጠየቀ ሹፌር ይቆጣል፤ የታገዘ ግን ይጠግናል።