የተሰበረው ክንፍ ታሪክ አይቆለፍበት

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 አጋማሽ፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ጠረፍ ማዶ የምትገኘው የናንተኬት ደሴት በእረፍት እንግዶች ተጨናንቃ ሳለች ማዕበሉ ያልተጠበቀ ነገር ይዞ መጣ። አሸዋው ላይ የፎም ቁርጥራጭና ባዶ እግር የሚወጋ የፋይበርግላስ ስባሪ ተዘርግፎ ተገኘ። ከጥቂት ቀናት በፊት በአቅራቢያው ባሕር ላይ በመገንባት ላይ በነበረው ቪንያርድ ዊንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ የአንድ ተርባይን ክንፍ ተሰብሮ ነበር። የክንፉ ርዝመት 107 ሜትር ነው፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣል። ደሴቲቱ የባሕር ዳርቻዎቿን ዘጋች፤ የፌዴራሉ መንግሥት ተቆጣጣሪዎችም የጣቢያውን ሥራ አስቆሙ።

አምራቹ ጂኢ ቬርኖቫ ብዙ ሳይቆይ ምክንያቱን ይፋ አደረገ። ክንፉ ካናዳ ውስጥ ሲሠራ ማጣበቂያው በሚገባ አልያዘም፤ ጉድለቱን ደግሞ የፋብሪካው የጥራት ቁጥጥር ሊደርስበት ይገባ ነበር። ከዚያው ፋብሪካ የወጡ 150 ገደማ ክንፎች የአልትራሳውንድ ምስልም እንደገና ይታይ ተባለ።

የነፋስ ኃይልን የማይወዱ ወገኖች በአጋጣሚው ተደሰቱ፣ ደጋፊዎቹም አንገታቸውን ደፉ። ሁለቱም ከቁም ነገሩ ርቀዋል። በዓለም ላይ ከሚሽከረከሩ ማሽኖች ሁሉ ትልቁ፣ ጨዋማ ውኃ መሀል ቆሞ፣ ሌት ተቀን በማዕበልና በነፋስ ሲንገላታ መሰበር የሚጠበቅ ነው። ትኩረት የሚሻው ከስባሪው የሚማረው ማን ነው የሚለው ጉዳይ ነው። የተርባይን ምህንድስና እዚህ የደረሰው ብልሽቱን በአደባባይ ሲያወራ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ያ ልማድ እየጠፋ ነው፤ ሊመለስም ይገባል።

የነዳጅ ዋጋ በ1970ዎቹ ሰማይ ሲነካ ሀብታሞቹ አገሮች ነፋስን ለአውሮፕላንና ለከባድ ማሽን መሐንዲሶች ሰጡ። ጀርመን ግሮቪያን የተባለውን ግዙፍ ተርባይን አቆመች። ምሰሶው 100 ሜትር፣ የክንፎቹ ክብ ስፋት 100 ሜትር፣ ጉልበቱ 3 ሜጋ ዋት ነበር። ከ1983 እስከ 1987 ድረስ በጠቅላላው የሠራው 420 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ብረቱ ተሰነጠቀ፣ ጥገናው አላልቅ አለ፣ በመጨረሻም ፈርሶ ተነሣ።

በዚያው ዘመን ዴንማርክ ውስጥ ክርስቲያን ሪሳገር የተባለ አናጺ 22 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ ትንሽ ተርባይን ይሠራ ነበር። ካርል ኤሪክ ዮርገንሰን የተባለ ብረት ሠሪ ደግሞ ሄንሪክ ስቲስዳል ከተባለ ወጣት ጋር ሆኖ የራሱን ሞክሮ አወጣ፤ በ1979 የማምረቻ ፈቃዱን ለቬስታስ ሸጡ። ቬስታስ በወቅቱ የእርሻ መሣሪያና ክሬን አምራች ነበር። እነዚህ ሰዎች ከባዶ አልተነሡም። ዮሃነስ ዩል የተባለ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በ1957 ጌድሰር ላይ ባለ ሦስት ክንፍ፣ 200 ኪሎ ዋት ተርባይን ተክሎ ነበርና፣ ያ ማሽን ብዙ ጥገና ሳይጠይቅ አሥር ዓመት ያህል ሠርቷል።

ዴንማርኮቹን ያሸነፈ አድርጎ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ትሕትናቸው ነው፤ ከትንሽ ጀምረው ቀስ በቀስ ማሳደጋቸው። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ መረጃው ነው። በ1978 የተርባይን ባለቤቶች ማኅበር አቋቋሙ። በየወሩ በሚወጣ መጽሔት ላይ የእያንዳንዱ ዓይነት ተርባይን ምርትና ብልሽት ይታተም ጀመር። ተርባይን የገዛ ገበሬ፣ ጎረቤቱ የገዛው ማሽን ስንት እንዳመነጨና ምኑ እንደተሰበረ ያነባል። ሪሶ የሚገኘው የምርምር ተቋም ደግሞ የሙከራ ጣቢያ ከፈተ፤ በጣቢያው ያልጸደቀ ተርባይን ደግሞ የመንግሥት ድጎማ አያገኝም ተባለ። ሰነፍ አምራች መደበቂያ አጣ፤ ጎበዙ ደግሞ የሌላውን ስህተት ሳይደግም ቀጣዩን ማሽን ሠራ።

ወደ ባሕር የገቡትም እነዚሁ ናቸው። በ1991 ቪንደቢ በተባለ የዴንማርክ ስፍራ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው 450 ኪሎ ዋት የሆኑ 11 ተርባይኖች ተተከሉ። የዓለም የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ጣቢያ ይህ ነው። ድምሩ 5 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ዛሬ በእንግሊዝ ዶገር ባንክ የሚተከለው አንዱ ተርባይን ብቻውን 13 ሜጋ ዋት ነው።

ባሕር የሚመረጥበት ምክንያት ቀላል ስሌት ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በውስጡ ያለው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ባሕር ላይ ነፋሱ ይበረታል፣ የሚያደናቅፈው ተራራም ዛፍም የለም። ሌላው ስሌት ግን በመሐንዲሱ ላይ ይፈርዳል። የክንፉ ርዝመት እጥፍ ሲሆን የሚሰበሰበው ኃይል አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ግን በንድፈ ሐሳቡ ስምንት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ትልቅ ክንፍ የትንሹ ግዙፍ ቅጂ ሊሆን አይችልም። ማቴሪያሉ፣ ቅርጹ፣ የመተጣጠፍ ልኩ ሁሉ እንደ አዲስ መፈተሽ አለበት። ያ ክንፍ በ25 ዓመት ዕድሜው ወደ 100 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር የገዛ ክብደቱ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ያጥፈዋል። ጫፉ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር የዝናብ ጠብታ እንኳ ፊቱን ይልጠዋል።

ይህን ሁሉ በኮምፒውተር መገመት ይቻላል፤ ባሕሩ ግን ግምቱን ያርማል። በ2002 የተጠናቀቀው ሆርንስ ሬቭ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በሰሜን ባሕር የዴንማርክ ጠረፍ ላይ ባለ 2 ሜጋ ዋት 80 ተርባይኖች ቆሙ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ትራንስፎርመሮችና ጀነሬተሮች ይበላሹ ጀመር። በ2004 ቬስታስ ከምሰሶዎቹ አናት ላይ ጀነሬተሩን የያዙትን 80ዎቹንም ክፍሎች አንድ በአንድ በክሬን አውርዶ ለጥገና ወደ የብስ መለሰ። ዜናው በመላው ዓለም ተሰማ፤ ኩባንያውን ዋጋ አስከፈለው፤ ከዚያ በኋላ ግን ለባሕር የሚሠራ ኤሌክትሪክ ዕቃ በየብስ ዕቃ መልክ መታሰቡ ቀረ።

ከዚያ የከፋው ተርባይኑ በቆመበት መሠረት ውስጥ ተደብቆ ቆየ። አብዛኛው የባሕር ተርባይን የሚቆመው ሞኖፓይል በሚባል፣ የባሕሩ ወለል ውስጥ በመዶሻ በሚተከል ወፍራም የብረት ቱቦ ላይ ነው። በቱቦው ላይ ሌላ ቱቦ ይለበስና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግራውት በሚባል የሲሚንቶ ውሕድ ይሞላል። ዲዛይነሮቹ ልሙጥ ብረትና ግራውት ተጣብቀው ክብደቱን ለዘለቄታው ይሸከማሉ ብለው ነበር። በ2009 ገደማ በኔዘርላንድስ ጠረፍ የሚገኙ ተርባይኖች ሲፈተሹ ግን የላይኛው ቱቦ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ሸርተት ብሎ ተገኘ። ሌሎች ጣቢያዎች ሲታዩም ችግሩ የአንድ ቦታ እንዳልሆነ ተረጋገጠ። የተሳሳተው ሁሉም ሲከተለው የነበረው የዲዛይን ደረጃ ራሱ ነበር። ያኔ የኖርዌዩ የደረጃ ተቋም ዲኤንቪ አምራቾችንና ባለቤቶችን ሰብስቦ የጋራ ጥናት አስጠና፤ ደረጃውም በ2011 ተሻሻለ፤ አዳዲሶቹ መገጣጠሚያዎች ቀጥ ያለ ቱቦ መሆናቸው ቀርቶ ሾጠጥ ብለው ተሠሩ። አንዱ ባለቤት ሽርተቱን አይቶ ዝም ቢል ኖሮ ተመሳሳይ ስህተት በመቶዎች በሚቆጠሩ ሌሎች ምሰሶዎች ላይ ይደገም ነበር።

አሁን ሩጫው ሌላ ነው። ከ2 ሜጋ ዋት ወደ 13 ለመድረስ የፈጀው ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ነው። አዲስ ሞዴል ገበያ ላይ የሚወጣው የቀደመው ገና ጉድለቱን የሚያሳይበት ዕድሜ ላይ ሳይደርስ ነው። ሲመንስ ኢነርጂ በ2023 ከደረሰበት 4.6 ቢሊዮን ዩሮ ኪሳራ አብዛኛው የመጣው ከነፋስ ተርባይን ክፍሉ ነው። የቬስታስ ኃላፊዎች ራሳቸው የመጠን እሽቅድምድሙ ረገብ ይበል ሲሉ በይፋ ተናግረዋል። ትክክል ናቸው፤ ሩጫውን ማርገብ ያስፈልጋል። ማርገብ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። የዛሬ ተርባይን በየአሥር ደቂቃው የነፋሱን ፍጥነት፣ ሙቀቱን፣ ንዝረቱን፣ የቆመበትን ምክንያት ይመዘግባል። የዴንማርክ ገበሬዎች ከነበራቸው መረጃ በሺህ እጥፍ የሚበልጥ ነው፤ አብዛኛው ግን በውል ተቆልፎ የአምራቹና የባለቤቱ ብቻ ሆኖ ይቀመጣል።

መግለጡ አምራቾችን ይጎዳል የሚል ክርክር አለ። የምርት ምስጢር መጠበቅ እንዳለበት የሚክድ የለም፤ ግን ንድፍ ሌላ፣ ብልሽት ሌላ ነው። አቪዬሽን ይህን ከፈታ ቆይቷል። በ2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ኢቲ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ የምርመራ ውጤቱ ታትሞ ዓለም ሁሉ አነበበው፤ የአውሮፕላኑ አምራች ቦይንግም ምስጢሬ ነው ሊል አልቻለም። ተርባይን ሲሰበር ሰው የሚሞተው ከስንት አንዴ ስለሆነ ሕጉ ያን ያህል አይጨክን ይሆናል። የሚባክነው የሕዝብ ድጎማና የሚሸረሸረው አመኔታ ግን ሪፖርት ለማስገደድ በቂ ምክንያት ነው። ድጎማ የሚሰጥ መንግሥት ሪሶ ያደረገውን ማድረግ ይችላል፦ የብልሽት መዝገብ ያላሳተመ ገንዘብ አያገኝም።

ምርምሩ ራሱ በግልጽነት የሚሠራ መሆኑን የሚያሳዩ ማስረጃዎችም አሉ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የተካሄደው ፒሳ የተባለ ጥናት፣ በእንግሊዝ ካውደን በሸክላ አፈር፣ በፈረንሳይ ዳንከርክ በአሸዋ ውስጥ የብረት ቱቦዎች ተክሎ እየገፋ ፈተነ። ከነዳጅ ማውጫዎች የተወረሰው የቀድሞ ስሌት ለእንዲህ ያለ ወፍራም ቱቦ እንደማይሆን አሳየ፤ ውጤቱ ታተመ፤ የምሰሶ ብረት የሚቀነስበት መንገድም ተከፈተ። በ2020 ደግሞ የሜይን ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የአሜሪካና የዴንማርክ ተመራማሪዎች የ15 ሜጋ ዋት ተርባይን ሙሉ ዲዛይን አውጥተው በነጻ ለቀቁት። ያ ተርባይን የትም አልተገነባም። ሆኖም ባሕር ዳር ወይም ጅማ ያለ ተማሪ በላፕቶፑ አውርዶ ክንፉን ሊያረዝም፣ ምሰሶውን ሊያቀጥን፣ ማዕበል ሊለቅበት ይችላል።

ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ ነፋስ ግን አላት፤ ተርባይኖቿም የራሳቸው ፈተና አለባቸው። ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በ18 ከመቶ ገደማ ይሳሳል፤ በዚያው መጠን የነፋሱ ጉልበት ይቀንሳል። ለዚህ ከፍታ፣ ለበጋው አቧራና ለክረምቱ መብረቅ የሚሆነውን ትምህርት ከሰሜን ባሕር ማምጣት አይቻልም። ከአሸጎዳ፣ ከአዳማና ከአሰላ የነፋስ ጣቢያዎች ነው የሚገኘው። አሸጎዳ ላይ 30ዎቹ የፈረንሳዩ ቨርኜ ባለ ሁለት ክንፍ ማሽኖች፣ 54ቱ ደግሞ የአልስቶም ባለ ሦስት ክንፍ ናቸው። ለአሰላ በዴንማርክ ድጋፍ የተመረጡት የሲመንስ ጋሜሳ 29 ተርባይኖች ናቸው። ከሁሉ የሚያስገርመው አዳማ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 34 የጎልድዊንድ ተርባይኖች ካምቢዮ የላቸውም፤ ክንፉ ጀነሬተሩን በቀጥታ ያዞራል። የሁለተኛው ምዕራፍ 102 የሳኒ ተርባይኖች ባለ ካምቢዮ ናቸው። ጉልበታቸው እኩል 1.5 ሜጋ ዋት ነው፤ ከ2015 ጀምሮ በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ነፋስ ጎን ለጎን ይሠራሉ።

ካምቢዮ ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው የሚለው ጉዳይ የተርባይን መሐንዲሶችን ለዓመታት ሲያከራክር የቆየ ነው። አዳማ ላይ የትኛው ብዙ ጊዜ ቆመ፣ ምኑ ተቀየረ፣ መለዋወጫው በስንት ቀን ደረሰ፣ በበጋ ስንት አመነጨ የሚለው መልስ በጣቢያው ኮምፒውተርና በጥገና መዝገቡ ውስጥ አለ። በግንባታው ወቅት የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአማካሪነት ሠርተዋል፤ ማሽኖቹን ያውቋቸዋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ይህን መዝገብ ለእነሱና ለተማሪዎቻቸው ይክፈት፤ በየዓመቱም የእያንዳንዱ ተርባይን ምርትና ብልሽት ይታተም። ለቀጣዩ የነፋስ ጣቢያ ጨረታ ሲወጣም መረጃውን የመግለጥ ግዴታ በውሉ ውስጥ ከፊርማው በፊት ይግባ።