ማሳሰቢያ፦ ከመሪው ሥር ስላለችው ሶኬት

ለመኪና ባለቤቶች፣ ለአሽከርካሪዎችና ለጋራዥ ባለሙያዎች በሙሉ።

ከመሪው ሥር ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት አለች። መካኒኩ «ኮምፒውተር ላድርገው» ሲል ማሽኑን የሚሰካው እዚያ ነው። ቅርጿ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማንኛውም ስካነር ማንኛውንም መኪና የሚያነብ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ሶኬቷ ግዴታ ብትሆንም ፎርድ በራሱ ቋንቋ፣ ጄኔራል ሞተርስ በራሱ፣ ብዙዎቹ የአውሮፓና የእስያ መኪኖች ደግሞ በ7ኛው ቀዳዳ ሽቦ ይነጋገሩ ነበር። ሁሉም «ካን» (CAN) በሚባለው የመኪና ውስጥ መገናኛ መረብ ብቻ እንዲነጋገሩ የተገደዱት ከ2008 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ነው።

ይህን ያለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ጎረቤቴ አሮጌ መኪናውን ጋራዥ ወሰደ፤ ስካነሩ አልገናኝ ስላለ ብቻ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ተባለና ሌላ ገዛ። ስካነሩ የሚያውቀው ካንን ብቻ ነበር። እንዲህ ሲሏችሁ አስቀድማችሁ 16ኛው ቀዳዳ የባትሪ ቮልት እንዳለው አስለኩ፤ በብዙ መኪና የሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ ሲቃጠል ሶኬቷም አብራ ትሞታለች። መኪናው ካን ከሆነ ባትሪው ተነቅሎ በ6ኛውና በ14ኛው መካከል አብዛኛውን ጊዜ 60 ኦም ገደማ ይነበባል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ካን ላኪውን «ማን ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሽቦው ላይ የገባ ሁሉ ይታመናል። በ2015 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች በአንድ ኮርቬት ሶኬት ላይ ወደተሰካ መሣሪያ የስልክ አጭር መልእክት ልከው የዝናብ መጥረጊያውን አንቀሳቅሰዋል፤ መኪናው በዝግታ ሲሄድ ፍሬኑንም አዘዋል። ብዙዎቹ አዲስ መኪኖች ከሶኬቷ የሚገባውን መልእክት የሚያጣራ መከላከያ በር (ጌትዌይ) አላቸው፤ አብዛኞቹ አሮጌዎች የላቸውም። በርካሽ የሚሸጡት ብዙ የብሉቱዝ መሣሪያዎች የይለፍ ቁጥራቸው 1234 ነው፤ አጠገባችሁ የቆመ ሰው ሁሉ ሊገምተው ይችላል። 16ኛው ቀዳዳ ደግሞ ቁልፍ ሲነቀልም ኃይል አይቋረጥበትም፤ ተሰክቶ የሚቆይ መሣሪያ ባትሪ ሊጨርስ ይችላል።

ጂፒኤስ የምታስገጥሙም የካን ሽቦዎችን ልጦ የሚጠመጥም ባለሙያ አትፍቀዱ። የላላ ግንኙነት የፍሬንና የሞተር መብራቶችን በአንድ ጊዜ ሲያበራ ምክንያቱን ማግኘት ቀናት ይወስዳል።

ስለዚህ የማታውቁትን መሣሪያ አትሰኩ፤ የሰካችሁትንም ንባቡ እንዳለቀ ንቀሉት።