ጣራውን ማን ይጠግናል?

«ፈረንጅ ቅርስ ያከብራል፣ እኛ ነን የማናውቅበት።» የእንግሊዝ ገጠር ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር ይቺ ኮሜንት ከሥሩ አትጠፋም። ከላይ የድንጋይ ቤትና ግድግዳ ላይ የወጣ ጽጌረዳ፣ ከታች ራሱን የሚሰድብ የእኛ ሰው። ይሄ ወሬ እውነት አይደለም። ይባስ ብሎ ደግሞ ቤት ለሚያፈርሱብን ሰዎች ምቹ ሰበብ ነው።

ሌኮክ የተባለችውን መንደር እንውሰድ። ዊልትሸር ውስጥ፣ ከባዝ ከተማ ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች። ባዝን እንኳ እናውቃታለን፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን በስደት የኖሩባት ከተማ ናት። ፌርፊልድ የሚባለውን ቤታቸውንም እ.ኤ.አ. በ1958 ለአረጋውያን እንዲውል ለከተማዋ ሰጥተዋል። ለሥራ እንግሊዝ በሄድኩበት ጊዜ ባዝ አድሬ፣ እስከ ቺፕነም በባቡር፣ ከዚያ በአውቶብስ ሌኮክ ገባሁ።

መንደሯ ትንሽ ናት፤ ዋና ዋና መንገዶቿ አራት ብቻ ናቸው። ሃሪ ፖተር የተቀረጸው በከፊል እዚያው ባለው የድሮ ገዳም ውስጥ ነው። ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. በ1835 የዚሁ ገዳም መስኮት ያነሳበት ኔጌቲቭ፣ በካሜራ ተነስተው እስከ ዛሬ ከተረፉት ሁሉ ቀዳሚው ነው። የዛሬው ጎብኚ ደግሞ ከአውቶብስ ይወርዳል፣ የሰው መስኮት ላይ ስልኩን ይደግናል፣ በሰዓቱ ተመልሶ ይሳፈራል። ቅርብ አድሮ በማለዳ የሚገባ ሰው ግን ቦርሳ ያዘሉ ልጆችና ደጅ የወጣ የቆሻሻ ገንዳ ያያል። ሰው ይኖርበታል እኮ! ኤሌክትሪክም አለ፣ ሽንት ቤትም አለ፤ ሽቦውና አንቴናው ከዓይን እንዲሰወር ስለተደረገ ነው ያለፈው ዘመን የሚመስለን።

ታዲያ እንዴት ተረፈች? በፍቅር ብቻ አይደለም። በዚያ አካባቢ ብዙ መንደሮችን ያበለጸገው የሱፍ ንግድ ሲዳከም፣ አፍርሶ አዲስ ለመሥራት የሚያጓጓ ገንዘብም አብሮ ጠፋ። በሌኮክ ደግሞ ቤቶቹ በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆዩ። የፎክስ ታልቦት የልጅ ልጅ ማቲልዳ ታልቦት እ.ኤ.አ. በ1944 ገዳሙንም መንደሩንም ናሽናል ትረስት ለሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሰጠች። ዛሬም አብዛኛው ነዋሪ የድርጅቱ ተከራይ ነው። ድርጅቱ ከአባላት መዋጮ፣ ከመግቢያ ክፍያና ከኪራይ ያገኛል፤ ቤቶቹን የመጠበቅ ግዴታም አለበት። ነገሩ ባለቤት፣ ገቢና ግዴታ ነው።

ፈረንጅ በተፈጥሮው ቅርስ ያከብራል የሚል ካለ፣ የለንደኑን የዩስተን ባቡር ጣቢያ ይመልከት። በ1830ዎቹ የተሠራውን ግዙፍ በር ብዙ ሰው እየተቃወመ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አፈረሱት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በመቶዎች የሚቆጠሩ የገጠር መኳንንት ቤቶችም ፈርሰዋል፤ ጥገናውን የሚከፍል ጠፋ፣ በቃ።

አሁን ወደ ፒያሳ እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ስንቱ «ያረጀ ነው፣ ቆሻሻ ነው» አለ። እሺ፣ ማን አስረጀው? በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ሲዞር፣ ብዙ ቤት የቀበሌ ቤት ሆነ። ልብ በሉ፤ ይሄ እንደ ሌኮክ ነው፣ ባለቤቱ አንድ፣ ነዋሪው ተከራይ። ልዩነቱ ግን ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት እዚያው ጥቂት ብር ላይ መቆሙ፣ ጣራው ሲያፈስ የሚጠግን በጀት አለመኖሩ፣ ተከራዩም በራሱ ገንዘብ እንዳይሠራ ቤቱ የእሱ አለመሆኑ ነው። እንዲህ የተያዘ ቤት ሌኮክ ውስጥም ቢሆን ይፈርሳል።

እኔ በሙያዬ ፕሮግራመር ነኝ፣ ይሄን ጨዋታ አውቀዋለሁ። አንድ ሲስተም ለዓመታት ዞር ብሎ የሚያየው ያጣል። ከዚያ አንዱ አለቃ ይነሳና «ይሄማ ተበላሽቷል፣ ከዜሮ እንጻፈው» ይላል። አዲሱ ሲመረቅ ፎቶ አለው፣ ጥገና ግን ፎቶ የለውም። ለአዲሱም የጥገና በጀት ካልተያዘለት ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ስብሰባ ይደገማል።

«ሽንት ቤት በሌለው ቤት ውስጥ ሰው ይኑር ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ በዚያ ሁኔታ ማንም መኖር የለበትም። ግን ቧንቧ ማስገባት እና ሰፈር መንቀል አንድ አይደሉም። ሁሉም አሮጌ ቤት ይቆይ አላልኩም፤ መፍረስ ያለበትም አለ። ሌኮክም ገነት አይደለችም፤ ቀኑን ሙሉ በሳሎንህ መስኮት የሚያሾልቅ ቱሪስት ጎረቤት አይመኙትም። ቢሆንም ነዋሪው እዚያው አለ፣ ልጁም እዚያው ይማራል። ከፒያሳ የተነሳው ሰው እድሩንና ደንበኛውን ጥሎ ነው የሄደው።

ስለዚህ ከእንግሊዝ መንደር ፎቶ ሥር ራሳችንን መስደቡ ይብቃን። በምትኩ ለእያንዳንዱ ገና ላልፈረሰ ሰፈር ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ባለቤቱ ማነው? የዓመት የጥገና በጀቱ ስንት ነው? ተጠግኖ ሲያልቅ የድሮው ነዋሪ ተመልሶ ይገባል? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ ሳይሰጥ «አርጅቷል» የሚል ባለሥልጣን፣ መጀመሪያ እስከ ዛሬ ያልጠገነበትን ምክንያት ያስረዳን።