ልጁን ለትምህርት ቤቱ ስም አንሠዋው

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በዓለም ከተማ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰው ልጅ ዘጠነኛን የት ይማር? ከመርሐቤቴ ገጠር የሚመጡት ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው፣ ከወላጅ ስንቅ እያመጡ ይማራሉ። አቅም ያለው የጀማን ሸለቆ አሻግሮ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ይልካል። ልጁ ፊደል የሚምታታበት፣ አንዱን ነገር ለመያዝ ሦስት ጊዜ መስማት የሚያስፈልገው ከሆነስ? እዚህ ላይ እኛ አማኞች የተሻለ መልስ ሊኖረን ይገባ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን የከፋውን እንሰጣለን።

አንደኛው መልሳችን "የመደንዘዝ መንፈስ ነው" የሚል ነው። እጅ ጭነን እንገሥጻለን፤ ውጤቱ ካልተለወጠ ደግሞ ወላጆቹን እምነት ጎደላቸው እንላለን። ለልጅ መጸለይን አንቃወምም፤ እኛም እንጸልያለን። የምንቃወመው ከመምህሩ ጋር ላለመነጋገር ጸሎትን ማምለጫ ማድረግን ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በደለኛ ሲፈልጉ፣ ጌታ ክሱን ከእርሱም ከወላጆቹም ላይ አነሣ። እኛ መልሰን ጫንነው።

ሁለተኛው ክብር ነው። በየዓመቱ ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን መድረክ ላይ አቁመን እናጨበጭባለን። ያላመጣው ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ያያል፤ እናቱም ታያለች። ትምህርት ቤት ስትመርጥ ታዲያ ከልጇ ይልቅ የእኛ ዐይን ይታያታል። ስመ ጥሩውን ትመርጣለች፣ ከአቅሟ በላይ ትከፍላለች፤ ልጁም ማንም በማያውቀው ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ይቀራል። ይህ የእርሷ ኃጢአት ብቻ አይደለም፤ እኛ መጋቢዎች ያስተማርናት ነው።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ሁሉ መንፈስ ያዛቸው እንበል? ወይስ ሁሉም ሰነፎች ናቸው? ሰውን በፈተና ወረቀት ብቻ የምንመዝን ከሆነ የአገሪቱን ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ጥለናል።

እንግዲህ ከመመዝገባችን በፊት ስለ ትምህርት ቤቱ ስም መጠየቅ ትተን ይህን እንጠይቅ። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ አለ? የልዩ ፍላጎት ትምህርት የተማረ መምህር አለ? በፈተና ጊዜ ጥያቄው ይነበብለታል? ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠዋል? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነውና፣ በአማርኛ ማንበብ ያስቸገረውን ልጅ በዚያ ማን ይደግፈዋል? ማታስ ከማን ጋር ያድራል? ብቻውን ቤት ተከራይቶ የሚኖር እንዲህ ያለ ልጅ መጽሐፉን ሲዘጋ የሚያየው የለም። የቅርቡ ትምህርት ቤት ለእነዚህ የተሻለ መልስ ካለው፣ የሩቁ ስም አያታልለን። ቴክኒክና ሙያም የወደቁ ልጆች መጣያ አይደለም፤ ጌታችን ራሱ ጠራቢ ተብሎ ተጠርቷል።

"እኛ ምን አቅም አለን?" የሚል አይጠፋም። ዘሚ የኑስ ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ብታጣ፣ በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የጀመረችው እናት ሆና ነው። ኦቲዝምና የማንበብ ችግር አንድ አይደሉም፤ መቀመጥን እምቢ ማለት ግን ለሁሉም ይሠራል። እዚህ ዓለም ከተማ የካርልሃይንዝ በም ሰዎች ለሰዎች ድርጅት እናት ሆስፒታልን ሠራልን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። አንድን ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ ማስጠናት ግን የባሕር ማዶ ሰው አይጠይቅም። አዳራሻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶ ነው፤ ኮሌጅ የገቡ ወጣቶቻችንም ለእረፍት ይመጣሉ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መጽሐፍ፣ የሚታገሥ አንድ ሰው ይበቃል።

ዳዊት ሜምፊቦስቴን መጀመሪያ ቀጥ ብለህ ሂድ አላለውም፤ ሽባ እንደ ሆነ ከማዕዱ አስቀመጠው። በሚቀጥለው ጊዜ ተማሪዎችን መድረክ ላይ ስንጠራ፣ በስንት ድካም ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ያለፈውንም ልጅ በስሙ እንጥራው። በዚያን ቀን እናቱ ትምህርት ቤቱን ለልጇ ብላ ትመርጣለች።

ጌታ የምናፍርበትን ልብ ይለውጥልን። አሜን።